ሁለት ንጉሥ ከጎሚስታው ጀርባ

ከአበጋዝ ጎሚስታ ጀርባ፣ የኮምፕረሰሩ ጩኸት ሲያባራ፣
ጎማ ላይ ጣውላ አጋድመን ካርታ እንጫወታለን፣ በአንድ አምፖል ጮራ።
አምስት ነን፤ አንዳንዴ ስድስት፣
የጅቡቲ ጭነት ያልተፈረመለት ሾፌር ሲደረብ በእንግድነት።
ሕጉ የተለካ ነው፤ ከዚያ አያልፍም የማንም ጀብዱ፦
በፊተኞቹ ሁለት ዙር አምስት ብር፣ በኋለኞቹ አስር፤ ይኸው ነው ጉዱ።
ቤቱን ሸጦ የሚገፋ የለም፣ በአንድ ትንፋሽ የሚያስፈራራ፤
ሀብታሙም በአምስት፣ ድሃውም በአምስት፣ በአንድ ሚዛን ነው የሚሠራ።

ተዋበች ትቀመጣለች፣ ከግድግዳው ተጠግታ፣
ጆሮዋን ለጨርቃ ጨርቁ ማሽን ሃያ ስድስት ዓመት ከፍላ፣
ጡረታ የወጣች በዝምታ።
አትሰማም፤ ታያለች። ካርታ ያነሣ ሰው ጉሮሮው ሲወጣ ሲወርድ፣
ጣቱ ጣውላውን ሲነካ፣ ትንፋሹ አፍንጫው ላይ ሲያረፍድ።
እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት፦

«ሁለት አስ ሲመጣልህ፣ ልጄ፣ እንደ ሰረቀ ሰው አትደብቀው፤
ብልጥ የሆንክ መስሎህ ዝም ስትል፣ ሁሉም በርካሽ ገብቶ ነው የሚጠብቀው።
ግፋ! አምስት ሲሉህ አምስት ጨምር። ያየህ ይይህ፤ ምን ታፍራለህ?
እዚህ በአንድ ምት አትገድልም፤ በአምስት በአምስት ትበላለህ።
ደካማውን እጅ አስከፍለው፤ የሐረጎን ዳገት በነጻ አይውጣ፤
ጠንካራ እጅም እንደ ጠላ ነው፣ ውሃ ሲበዛበት፣
ስድስት አፍ ሲሻማው፣ ጣዕሙን የሚያጣ።»

የሐምሌ ማታ ነበር። የቦርከና ሙላት ከሩቅ ይሰማል፣
ከደሴ የሚወርደው ጉም ሐረጎ ላይ መኪና አቁሟል።
አነሣሁ፦ ሁለት ንጉሥ። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ።
(ልቤ፣ አንተ ወሬኛ፣ በሸሚዜ ላይ አትታይ!)
ገፋሁ። ጦይብ ገባ። ይመር ገባ። ሾፌሩም ገባ፤
አምስት ብር አጥር አይሆንም፣ በግ እንኳ ይዘለዋል፣ እንኳን የገበያ ሌባ።
ሦስት ካርታ ተገለጠ፦ ሰባት፣ አራት፣
መሃል ላይ አስ፣ እንደ ሙሽራ ተኮፍሶ፤
ንጉሦቼ አንገት ደፉ፣ ዘውዳቸው ዓይናቸው ድረስ ፈሶ።
ይመር ገፋ። ያ ዝምተኛ ይመር፣ ወፍጮ ቤት ያለው፣
ከእጁ ዱቄት እንጂ ብር በዋዛ የማይረግፈው።
ከፈልኩ። አራተኛው ወጣ፤ ደግሞ ገፋ፣ አሁን በአስር።
ጦይብ ጣለ፤ ሾፌሩ ጣለ። እኔ ከፈልኩ፣ በጥርጥር።
አምስተኛው ወጣ። ደግሞ ገፋ።

ጣልኩ።
ሽንፈቱን ቀድሞ የሚያውቅ አዋቂ መስዬ።

ይመር ሳቀ፤ ዘንድሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ፣
ገልጦ አሳየኝ፦ ዘጠኝና ስምንት። ባዶ። ነፋስ የነፋው ስልቻ።
ተዋበች ግን አልሳቀችም። ዘጠኝ ጣት ዘረጋች፣
ቀጥላ አንድ፤ ዘጠና ለአስር ማለቷ ነው፤ ጠጋ ብላም ተናገረች፦
«አስሩን ከፍለህ ብትሸነፍ፣ አስር ብር ነው የጠፋብህ፤
ሳታይ የጣልከው ንጉሥ ግን፣ ሌሊት ነው በር የሚመታብህ።»

እውነቷን ነው። ደሴ ተማሪ ሳለሁ፣ ከክፍሌ አንደኛ፣
እጄ ላይ እንዲህ ያለ ካርታ ነበር፤
አንድ ሰው ፊቱን ቢያጨፈግግብኝ ጥዬው ወረድኩ፣
ሐረጎን ቁልቁል፣ በጭነት መኪና፣ ሳልጠይቅ የያዘውን ነገር።

ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። ሁለት ንግሥት ደረሰኝ።
ገፋሁ፤ ገፉብኝ፤ እስከ መጨረሻው ከፈልኩ።
ጦይብ በሦስት ሦስቶች በላኝ። በዓይኔ አየሁት።
ኪሴን ዳበስኩ፤ የባጃጅ ብቻ ቀርቷል። ዝናቡ አባርቷል።

ያን ሌሊት በር የመታ የለም።