አርባ አንድ ሰከንድ

በቅርያት ጋት ከተማ፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣
ሦስት ሚኒባስ አለን፤ አንዱ በሩ ሲዘጋ እንደ ሕፃን የሚያነባ።
ባለቤቱ ፈረደ ነው፣ የአጎቴ የመጨረሻ ልጅ፤
እኔ ሒሳብ ያዥ፣ ስልክ አንሺ፣ ለጎማ ተዋዋይ፣ ለባንክ አማላጅ።

ጨረታው የመንግሥት ነበር፦ በእግራቸው መሄድ የማይችሉ ልጆችን
ከቤት ትምህርት ቤት ማመላለስ፣ ለአራት ዓመት።
ሰማንያ ሰባት ገጽ። የባንክ ዋስትና። የሾፌሮች የፖሊስ ማስረጃ።
ማስገቢያው በኤሌክትሮኒክ ሣጥን ብቻ፣
እሑድ እኩለ ቀን፣ «አሥራ ሁለት ሰዓት» ተብሎ ተጻፈ።
እናቴ «ስድስት ነው» ትላለች፤
የእሷ ሰዓት ባሕር አልተሻገረ፣ ከዚያው ተረፈ።

ሁለት ደቂቃ ሲቀረው «ላክ» የሚለውን ተጫንሁ።
ሰማያዊ ክብ መጣ፤ እንደ አውድማ በሬ ዞረ፣ ዞረ፣
ጣቴን ሳላነሣ ጠበቅሁ።
ከዚያ ደረሰኙ፦ «ተቀብለናል። 12:00:41»

አርባ አንድ ሰከንድ!
የጋት መግቢያ ቀይ መብራት እንኳ ከዚህ ይረዝማል።

በሳምንቱ ደብዳቤ፦ «ዘግይቷልና አልተከፈተም።»
አልተከፈተም!
ርካሽ ይሁን ውድ፣ ዋጋችንን ያየው የለም።

ቤር ሼቫ ሄድን፣ ችሎት ፊት ቆምን።
ጠበቃችን ኦስናት ስለ ሰርቨር ተናገረች፣ ስለ መዝገብ፣ ስለ ማጣሪያ፤
እኔ ግን አያታችን ትዝ አለኝ፣
በአርማጭሆ ዘንጉን ዘርግቶ ሲሟገት።
በሆዴ እንዲህ አልኩ፦

«ተጠየቅ፣ ሣጥን ሆይ! በላ ልበልህ፦
ደጅህ ደርሼ ቆሜ፣ የዘገየው ማን ነው፣ እኔ ወይስ በርህ?
ሁለት ደቂቃ ሙሉ ወረቀቴን በአፍህ ይዘህ፣
ሳታኝክ ሳትውጥ ቆይተህ፣
‹አሁን ገና ጎረስኩ› ብትል ማን ይመንህ?
እንግዳ ደጃፍ ቆሞ፣ ባለቤት ቁልፉን ቢያጣ፣
‹ማታ ነው የደረስከው› ይባላል፣ በጠዋት የመጣ?»

የመንግሥቱ ጠበቃ ወጣት ነው፣ ክራቫቱ ጠማማ።
«አራቱ ተወዳዳሪዎች ደርሰዋል» አለ፤
«የመጨረሻዋን ደቂቃ የመረጠ ከነአደጋዋ መርጧታል።»

ይኼ ወጋኝ።
ሰነዱ ከማለዳ ጀምሮ ዝግጁ ነበር፤
ፈረደ ነው «ዋጋውን እስቲ ትንሽ እንቀንስ» ብሎ
እስከ ቀትር ያስያዘኝ፣
በአንድ ልጅ፣ በቀን፣ ለሃምሳ አጎሮት።
ይህን ለኦስናት አልነገርናትም።

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች፦
«የሣጥኑ ሰዓት ነው ሰዓቱ።»
ፈረደ ከሰሰ፤ ፈረደ ግን አልፈረደም፣
ተፈረደበት፣ ከነወጪው ስድስት ሺህ ሼቄል።

ከፋሲካ በኋላ ሌላ ጨረታ ወጣ፣ በኔቲቮት።
የኛ ሰነድ በዋዜማው ገባ።
ያሸነፈን ትልቁ ድርጅት፣ ባለ ሁለት መቶ አውቶቡሱ፣
ዘጠኝ ሰከንድ ዘገየ።
ኮሚቴው «ችግሩ የሣጥኑ ነው» ብሎ ተቀበለው።

ኦስናት ደወለች፦ «መቃወሚያ እናስገባ?
የምንጠቅሰው ፍርድ አለን። የናንተው።»

ፈረደ ሚኒባሱ ውስጥ ነበር፣ ሞተሩ ጠፍቶ።
በሩን ዘጋ፣ ከፈተ፣ ዘጋ፤
የሚያነባው በር አነባ።
«እኛ የጮህነውን እኮ ነው የሚጮኹት» አለኝ።
«አዎ» አልኩት።
«እውነታቸውን ነው እኮ።»
«አዎ።»
የባንኩን ደብዳቤ ከመሪው ላይ አንሥቶ አጠፈው፣ ዘረጋው፣ መልሶ አጠፈው።
«ጻፊው» አለ።

ጻፍኩት። የዳኛዋን ቃል ነጥቡን ሳልስት ገለበጥሁ፦
የሣጥኑ ሰዓት ነው ሰዓቱ።
ቀነ ገደቡ ሐሙስ ነበር፤ እኔ ማክሰኞ ላክሁት።
ሰማያዊው ክብ አንዴ ዞሮ ቆመ።