የኋላ ሹካ

ከወንጂ ማዞሪያ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
ሙዘይን ተቀምጧል
የሞተር ሹካ አቅፎ፣ ያውም የኋላ።
ያባቴ ሞተር ነው፤
ሸንኮራ ለሸንኮራ፣ ቦይ ለቦይ የኖረ፣
ሃያ ሁለት ዓመት
ውሃ ሊያስከፍት ሲሮጥ፣ ሊያዘጋ ሲበር ያደረ፣
ኋላ ደቻሳ ሲያርፍ
ከጓሮ ተገፍቶ ዶሮ ያሰፈረ።

ሌላው ተፈታልኝ፤
ካርቡሬተሩ ታጥቦ እንደ ሙሽራ ጥርስ ነጣ፤
ፍሬኑ እሺ አለ፣ ሰንሰለቱም ወጣ፤
ጭስ ማውጫው እንኳ ያቀፈውን ተርብ
ከነቤቱ ተፍቶ፣ ቀሎት መጣ።
ይኼ ቡሽ ብቻ ነው
ከሹካው አንገት ሥር ተጎልቶ የቀረ፣
ቤት ልቀቅ ቢሉት
እንደ ክፉ ተከራይ በሩን የቀረቀረ።

በመጀመሪያው ቀን መዶሻ ነበረ።
"ቀስ በይ" አለ ሙዘይን፣ "ሹካው ከተጣመመ
ሞተሩ ዕድሜ ልኩን እየሄደ ታመመ።"
ቀስ ብለን መታን።
እሱም ቀስ ብሎ ዝም አለ።
በማግስቱ ናፍጣ፤
በጨርቅ ነክረን ሌሊቱን ይጠጣ
ብለን ተውነው።
ሲጠጣ አደረ፤ ሞቅ እንኳን አላለው።

በሦስተኛው እሳት። የውስጥ ጎማው ነዶ
ጥቁር ጭስ ተነሣ መንገዱን ጋርዶ፤
ፓፓያ ሻጯ ዘርፌ አፍንጫዋን ይዛ
"ምን ገደላችሁ ደግሞ?" ብላ ጮኸች።
ነፋሱ ደረሰ፣ ያዳማ ነፋስ፣
ወሬም ጭስም ባለበት የማይተው፤
እኔም ቀና ብዬ ጋራውን አየሁት።
እነዚያ ነጫጮቹ፣ ሸንተረሩ ላይ የቆሙት፣
ክንፋቸው ቤት የሚያህል፣ እፍ ሲሏቸው ይዞራሉ፤
እዚህ አውራ ጣት የማያህል ብረት
ለሦስት ሰው ጉልበት
እምቢ ይላል።

ሙዘይን ያኔ ነው መራገም የጀመረ።
"ማነው ይኼን የገጠመው?
እጁ ይደንዝዝ፣ በግንቦት ይብረደው፣
እንጀራው ቡሎን ይሁን፣ ጉሮሮው ላይ ይነቀው!"
በየቀኑ አንድ አንድ እርግማን ጨመረ፤
እኔም አሜን አልኩኝ፣ ምንም ሳልሰስት።

ስድስተኛው ላይ የመጋዝ ምላጭ ብቻ፣ ያለ እጀታ፣
ጫፏን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ።
"ከውስጥ ወደ ውጪ፣ አንዲት ስንጥቅ ብቻ፤
ቡሹን ቁረጪ፣ ሹካውን አትንኪ፤
በዓይንሽ አይደለም፣ በጆሮሽ ለኪ፤
ቡሹ ሲቆረጥ ይንጫጫል፣ እንደ አይጥ፤
ሹካው ግን ያጉረመርማል።
ሲያጉረመርም እጅሽን አንሺ።"
ሁለት ቀን ሙሉ አይጥ ሰማሁ።
ማታ ስተኛ እንኳ ትራሴ ውስጥ ይንጫጫል።

በስምንተኛው ቀን፤ ረጅም ቡሎን፣
ሮንዴላ በሮንዴላ ላይ፣ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ፤
ዳዶውን ሩብ ዙር። እረፍት። ሩብ ዙር። እረፍት።
ሩብ—
ቀጭ!
ዘርፌ ከነቢላዋ ዞረች፤ አጥንት መስሏት።

ወጣ።
ዝገት ለብሶ፣ አመድ መስሎ፣ እንዲህ ትንሽ ሆኖ።
አብሮትም አንዲት ቆርቆሮ፣
የዘይት ጣሳ ቁራጭ፣ ጥፍር የምታህል፣
ቢጫ ቀለሟ ሳይለቅ፣ ግማሽ ፀሐይ የተሳለባት።
ሙዘይን ወደ ብርሃን አነሣት።
መነጽሩን አወለቀ። ጠረገ። አጠለቀ።
"ይቺ" አለ፣ "የኔ መቀስ ናት።"

"ዐሥራ አራት ዓመቴ፣ ጋራዥ የገባሁ ሰሞን፣
ቡሹ ቤቱ ሰፍቶት ይጫወት ነበረ፤
አዲስ የት ይገኛል? አባትሽ ቸኩሏል፤
ከጣሳ ቆረጥኩና ከጎኑ ሸጎጥኩለት።
'እስከ ቅዳሜ ይያዝልኝ' አለኝ፤
ሃምሳ ሳንቲም ሰጠኝ።"
እስከ ቅዳሜ!
"የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ፣ ወላሂ፣ አልነገረኝም!"

ከዚያ ጣቱን አንድ፣ ሁለት እያለ አጠፈ፤
የስምንት ቀን እርግማን መሰብሰቡ ነው።
"ለካ ምሳዬ ሰሞኑን ሲያንቀኝ የከረመው..."
ዘርፌ ሳቀች። እኔ አሜኔን ባስታውስ
ዓይኔን ወደ ሰንሰለቱ መለስኩ።

አዲሱን ቡሽ ግሪስ ቀባው፣ በትንሿ ጣቱ፤
በመዳፍ ገባ፣ መዶሻ ሳይጠጋው።
ሹካውን አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ አደረገው፤
ድምፅ የለም።
ቆርቆሮዋን ደረት ኪሱ ከተተና
ሒሳቤን በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ጻፈ፤
ደመረ፣ ሰረዘ፣ አሰበ፣
ሃምሳ ሳንቲም ቀነሰልኝ።