መቶኛዋ ፍሬ

ተክለሃይማኖት ዳር፣ ከመድኃኒት ቤት ላይ፣
ሙደሲር ተቀምጧል፣ ዓይኑ መስኮቴ ላይ፤
የምናለሽ ተራ ቁልፍ ነጋዴ ነው፣
እንቅልፍ ካስራ አንድ ሌሊት ወዲህ የከዳው።

«ድምፅ ይሰማሃል?» አልኩት እንደ ደንቡ፤
«አዎ፣ አሁን» አለኝ። ጻፍኩ ከመዝገቡ።
ቀና ስል፣ ከአንዋር አዛን ይጣራል፤
ሰረዝኩት። ስርዙ እስካሁን ይታያል።

«ሌላው ድምፅ» አለኝ፣ «ሌሊት ነው የሚመጣ፣
በእናቴ አንደበት፦ ‹ውጣ፣ ካልጋህ ውጣ።›
ሸኹ ቁርኣን ቀሩልኝ፣ እፍ አሉብኝና፣
‹ሂድ፣ ሐኪምም ሰበብ ነው› አሉኝ ቀጠሉና።
መጣሁ። ግን ንገሪኝ፣ እዚህ ደጃፍሽ ላይ
ዱዓዬን እንደ ጫማ አውልቄ ነው ወይ?»

አስር ዓመት ሙሉ ስንቱ አውልቆት ገብቷል፣
እኔ ሳልጠይቅ።

«ይዘኸው ግባ» አልኩት።
ማዘዣው ላይ ያለውን «ማታ ሦስት ሰዓት»
አጥፍቼ ጻፍኩበት፦ «ከዒሻ ሰላት
በኋላ፣ አንድ ፍሬ።»

ሙሰበሃው ከኪሱ ወጣ፤ አተኩሮ አየኝ፤
«ዘጠና ዘጠኝ ናት» አለ፣ «መቶኛዋ ይቺ ትሁነኝ?»

ይተኛ አይተኛ ዛሬ፣ ምን አውቄ።
ቀጠሮውን ብቻ፣ ከጁምዓ አርቄ፣
ለሐሙስ አደረግሁ።