አምስተኛው

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ደንገሉ ሲያፏጭ፣ ታንኳው ሲታሰር፣
የኔታ ይርሳው ከትንሿ ጣታቸው ጀመሩ መቁጠር።
«እኔ አንድ፤ ቄስ ታዘባቸው ሁለት፤
ያየህ ሦስት፤ ያ ትንሹ ገደፋው... አራት።»
አውራ ጣታቸው ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤
ያዟት፣ እንደምታም ጣት፣ እያሹ፣ እያስታመሙ።

ቅዳሴ በአራት አይቆምም፤
ሕጉ ነው፣ ከአምስት አይጎድልም።

ድሮ፣ ይላሉ፣ ይህ ደሴት ለተማሪው ጠብቦት፣
ጎጆ በጎጆ ላይ ተደግፎ፣ ሰማንያ ሰው ነበረበት።
ከዳሞት፣ ከላስታ፣ ከበጌምድር የመጣ፣
ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በታንኳ የወጣ።
ሌሊት ከዋርካው ሥር ቅኔ ሲቆጥር፣ ሲያሰማ፣
የባሕሩ ማዶ ውሻ አብሮ ይጮህ ነበር በዜማ።

አሁን ጎጆዎቹ ፈርሰዋል፤ አንዱን ፍየል ወርሶታል፤
አንዱን የኔታ በክረምት፣ እንጨት በእንጨት፣ አንድደውታል።
የቀረነው ሁለት፤ እኔና እንቅልፋሙ ገደፋው፣
ዳዊት ሳይጨርስ፣ ሰው ሲጠፋ፣ ለዲቁና ያጨነው።
ጥሩሰው መተማ ወርዷል፣ ሰሊጥ ሊያጭድ፤
«ለገና እመጣለሁ» ብሎ፣ ሁለት ገና ሲነጉድ።

የሄደውን አልወቅስም። ማን ይወቅሳል?
የቄስ ታዘባቸው ደመወዝ፣ ለልጅ ጫማ ሲሆን፣ ለሳሙና ያጥራል።
«በእንተ ስማ ለማርያም» ስንል በሩስ ይከፈታል፤
ፊቱ ግን «ይህ ጎረምሳ ሥራ የለውም?» ይላል።

የኔታ ስልካቸውን ይዘው ደወሉ ማማ ላይ ወጡ፤ ሌላ ቦታ አይዝም።
ከሥር ሆኜ ሰማሁ፤ «እንዳላማው ነህ?... አይ፣ አላመመኝም።
ልጄ... ነገ አራት ነን።»

እንዳላማው ማለት፣ በአንድ መወድስ የኔታን ያስለቀሰ፣
ከጊዮርጊስ እስከ ዓባይ ማዶ፣ ስድስት ዓመት በባጃጅ የተመላለሰ።

ሌሊት አሥር ሰዓት፣ ዓሣ አጥማጅ ለምኖ፣ ደረሰ።
እጁ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ ነጠላው ግን ንጹሕ፣ የተተኮሰ።
የኔታ ፈሩ። «ልጄ፣ ማታ እህል... ምናልባት...»
አልጨረሱትም። ጥያቄው ከብዷቸው ነበር እንደ ዕዳ ወረቀት።

«እኔ ቅዳሜ ራት አልበላም፣ የኔታ፤
ድንገት ቢጠሩኝ ብዬ፣ ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ ነው የምተኛ ማታ ማታ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ
አልጠራነውም።

«ተንሥኡ» ሲል፣ ዝጎ የነበረ ድምፁ እየተንገጫገጨ ጀመረ፤
ሁለተኛው ላይ ጠራ፤ ሦስተኛው ላይ፣ ጣራው ላይ ያደረ ርግብ በረረ።
የኔታ ከመጋረጃው ውስጥ ወደ ግድግዳው ዞሩ፤
ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልተናገሩ።

ረፋዱ ላይ እስከ ዳር ሸኘሁት፤ ጫማውን በእጁ ይዞ ውሃው ውስጥ ገባ።
አንድ ነገር አፌ ላይ ነበረ፤ ወጣም ሳላስብ፣ ሳልግባባ።
«ባጃጅ... በቀን ስንት ያስገባል?»

ዓሣ አጥማጁ ሳቀ።
እንዳላማው አልሳቀም፤ አልተቆጣም።
እጁን ራሴ ላይ ጫነ፤ ቤንዚን ሸተተኝ።
«ከቅዳሜ በቀር» አለኝ፣ «ይበቃል።»

ዞር ስል፣ የኔታ ከዋርካው ሥር፣ ለሚመጣው እሑድ፣ እንደገና ይቆጥራሉ።
ሰምተዋል? እንጃ።
አሁን ግን አውራ ጣታቸውን ትተው፣
መሃለኛዋን፣ ሦስተኛዋን፣ የእኔን፣
ይዘው ያሻሉ።