ከቀመር የተረፈው

ስትሩጋ አደርኩኝ፣ ከሐይቁ ዳር ከተማ፣
ሌሊቱን በሙሉ የሞተር ድምፅ ስሰማ።
ከመስኮቴ በታች እስከ ተራራው ጫፍ
የጭነት መኪና ተደርድሮ በሰልፍ፤
ሐይቁ ኬላ አያውቅም፣ ዓሣው ያለ ቪዛ
ከዚህ በልቶ ያድራል፣ ከማዶ ሊወዛ።

እኔ የመጣሁት ቀመር ይዤ ነበር፣
«ስበት» የሚባል ነው፤ እንዲህ ነው ሲነገር፦
ሁለት ገበያዎች በሀብታቸው ክብደት
ይሳሳባሉ አሉ፣ ካልበዛ ርቀት።
ታዲያ ከስትሩጋ እስከ ማዶው ገበያ
መንገዱ አጭር ነው፣ ያንድ ጨዋታ ማብቂያ።
ቀመሬ «እዚህ ጋ ንግድ ይጎርፋል» ይላል፤
ወረፋው ግን ቆሟል።
ሌሊቱ ያልፋል።

ጎህ ሲቀድ አየኋት፣ ስቶያንካን፣ ገበሬዋን፣
ሸራውን ገልጣ ስትዳብስ ቃሪያዋን።
ቀይ ነው፣ ሥጋ ያለው፣ ለጠርሙስ የታጨ፣
ሁለት ቀን ከሸራ ሥር በላቡ የተራጨ።
«አንዷ ስትበሰብስ ጎኗን ታስይዛለች፣
ድኽነትም እንዲሁ» ብላኝ ሣጥን ዘጋች።

ሹፌሯ ሉአን ነው፤ ሰነዱን ዘረጋ፦
የጤና ምስክር፣ የትውልድ፣ የዋጋ፣
ሁለተኛው ቅጂ ማኅተም ያልነካው፣
ሦስተኛው የጠፋው፣ አራተኛው የተካው።
«ቀረጥ እኮ የለም፣ ዜሮ ነው በጽሑፍ፤
ዜሮዋን የሚበላት ይኸው ነው፣ ይኼ ሰልፍ።»

«እነሱም» አልኳት እኔ፣ «እነሱም ቃሪያ አላቸው፣
ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ወይን በየጓሯቸው።
ድሃ ለድሃ ምን ሊሸጥ? ሁላችሁም ዓይናችሁ
ወደ ሰሜን ነው፣ ወደ ሀብታም ደንበኛችሁ።»
ሳቀች። አንድ ጥርሷ ላይ የወርቅ ክዳን አላት።
«ክዳን ነው ነገሩ» አለች፣ ጣቷን አሳርፋባት።
«ቃሪያው ከኔ ጓሮ፣ ጨውና እሳቱ ከዚያ፣
ጠርሙሱ ከሌላ አገር፣ ክዳኑ ደግሞ ከወዲያ፤
ለብቻው ቃሪያዬን ሰሜን ላይ ማን ገዛው?
ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ነው ዓይን የሚገባው።
ታዲያ አንዱ ቢዘገይ፣ ክዳኑ ብቻ ቢቀር፣
ሦስት አገር ቁጭ ይላል፣ ከባዶ ጠርሙስ ጋር።»

እኔም የኬላ ልጅ ነኝ፣ ሞያሌ ያደግሁ፤
ሳሙና ከወዲያ፣ ጤፍ ከወዲህ ያየሁ።
አባቴ ፈታሽ ነበር፣ ቀን ሕግ ያስከብራል፤
ማታ እናቴ በስኳር ከማዶ ስትመጣ
ፋኖሱን ያጠፋል።
ይህን ለስቶያንካ አልነገርኳትም፤
ቀመሬም አያውቀው፤ በሠንጠረዥ አይገባም።

«ሚኒስትሮች መጥተው ሪባን ቆርጠዋል እዚህ፣»
አለ ሉአን፣ «ፎቶው አለ፣ ቢሮው ግድግዳ ላይ።
እዚህ የታየው ቃሪያ እዚያ ይታያል ደግሞ፣
የኛን ማኅተም እኮ አያምኑም ፈጽሞ።
እኛም የነሱን አናምን፣ እውነት ለመናገር፤
ሐብሐባቸውን መልሰናል ዘንድሮ፣ ያውም በክብር።»

ሲመሽ ማኅተሙ መታ። ሲሶው ቃሪያ ተጣለ፤
ቦዩ ዳር የቆመ አህያ በላ፣ ቀናም አላለ።
ከቀመሬ ጅራት «ቀሪ» የምትል ፊደል አለች፣
ያላወቅነውን ሁሉ ጠቅልላ ትይዛለች።
ከጎኗ ጻፍኩኝ፦ «ክዳን»።
ሰረዝኩት። «ሃምሳ ሰዓት»።
እሱንም ሰረዝኩት።

ስቶያንካ አንድ ቃሪያ ሰጥታ ሸኘችኝ።
በእግሬ ተሻገርኩኝ። ጠባቂዋ አስቆመችኝ፦
«የሚመዘገብ ዕቃስ?»
«አንድ ቃሪያ ነው።»
«የጤና ምስክሩስ?»
ዝምታዬ ረጅም ነው።
ተቀበለችኝና ከጫፉ ገመጠች፤
አላመጠች፣ ዋጠች፤
ቀሪውን ሰጠችኝ፤
በሩን ከፈተች።