ሲጠብቅና ሲላላ

ከአራዳ ዝቅ ብሎ ባለችው ጠባብ ሱቅ፣
«ሙሄ ሰፊው» ይላል ሰሌዳዬ፤ አንብቦ የማይስቅ
ሰው የለም በደሴ፤
«ፊ» ላልታ ስትነበብ ሙያዬ፣ ጠብቃ ስትነበብ ራሴ።

መቶ ሃምሳ ሴንቲ ነው ካንገቴ የማይወርደው ሜትር፤
የሙሽራ ወገብ፣ የሹፌር ደረት፣ የሼኾችን ጀለቢያ ስቆጥር
ሃያ ሁለት ዓመት እውነት ነገረኝ።
ባለፈው የዒድ ማግስት፣ በሩን ዘግቼ፣ በራሴ ወገብ አዞርሁት፤
ጫፍና ጫፉን ይዤ ስጎትት፣ ስጎትት
አልተገናኙም። አራት ጣት ጎደለኝ።

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፤ ወረቀቴን አገላብጣ አየች፤
ስኳሬን፣ ግፊቴን፣ የጉልበቴን ፎቶ፤ መነጽሯን አወለቀች።
«ሁለት መንገድ አለ፣ ጋሽ ሙሄ። አንዱ አዲስ አበባ ይወስዳል፤
ጨጓራዎ ተቆርጦ ይሰፋል።
ሌላው ከደጅዎ ይጀምራል፤ ቅባት መተው፣ በእግር መሄድ፣
ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሳይታክቱ መውጣትና መውረድ።»

«ሲሰፉትስ» አልኋት፣ «ለስፌት ትርፍ ይተዋሉ?
እንደኔ ሙያ፣ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር መልሰው ያላላሉ?»
ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ተወችው።
«የተቆረጠ አይቀጠልም» አለች፤ እስክሪብቶዋን ከደነችው።

እኔም አውቀዋለሁ። ዛሬም መቀስ ሳነሣ እጄ የሚከብደው ለዚያ ነው፤
ጠመኔ በመዳፍ ይጠፋል፣ ስፌት በምላጭ ይፈታል፣ መቁረጥ ግን አንዴ ነው።

ወሰንየለሽ አለች፣ ሰኞ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ፤
እሷ ተቆርጣለች። አንድ ቀሚሷን አራት ጊዜ ሳጠብብ፣ ትርፉን ስቆርጥ
ዓመቱ አለቀ።
«ፎቅ እወጣለሁ!» ትለኛለች፣ ፊቷ እየደመቀ፤
ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «ጉርሻ ግን እፈራለሁ፤
ሦስተኛው ሲመጣ፣ ከወዳጅ እጅ ፊቴን አዞራለሁ።»

መምህር ፈንታው በእግሩ ነው። ጎህ ሲቀድ ከቧንቧ ውሃ ተነሥቶ
አዝዋ ገደል ድረስ፣ በአንድ ኮዳ ውሃ፣ ዳቦውን ትቶ፤
ሃያ ኪሎ ጣለ፤ ሱሪውን አጠበብሁ።
እናቱ ሞተችና ቤት ዋለ፤ ያንኑ ሱሪ መልሼ አሰፋሁ።
ትርፉን ያልቆረጥሁት እንዲህ ያለ ቀን አስቤ ነበር፤
ቅር አላለውም። በማግስቱ አየሁት፣ ዳገቱን ሲጀምር።

ጎረቤት ይመክራል፦ «ረመዳን ካልበቃህ፣ ጹም ሰኞና ሐሙስ!»
ጾሜያለሁ፤ የመግሪቧን ሳምቡሳ ግን ማን ይመልስ?
የባጃጅ ልጆች የሁለት ሰው ያስከፍሉኛል፤
አልከራከርም። ወንበሩ ይመሰክራል።

ሉባባ፣ ሚስቴ፣ ለሷ ሁሉም ነገር ጥያቄ ነው፦
«የሚቆርጡትን ምን ያደርጉታል? ይሰጡሃል መልሰው?»
የኔን ቁራጭ ጨርቅ ትራስ ስታደርግ ኖራለች፣ ቅዳጅ አትጥል፤
ሌሊት ግን ትንፋሼ ሲቋረጥ
ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ እስኪቀጥል።
«ቁርጥህን ንገረኝ» አለች ትናንት። «አንድ ሌሊት ሳይቀጥል ቢቀር?»
መርፌ አነሣሁ፣ ፊቷን ላለማየት። በቀዳዳው አላልፍ አለኝ ክር።

ሁለተኛዋን ማሽን ሸጥኋት። ለማክሰኞ ትኬት ቆረጥሁ።
(እዩት፣ ትኬት እንኳ ይቆረጣል።) ከመናኸሪያው ወጣሁ፤
ባጃጁ አጠገቤ ቆመ። «ጋሼ ይግቡ፣ ዳገት ነው!»
«ሂድ» አልሁት። እስከ ሱቄ ያለው መንገድ ለኔ ሰባት ዕረፍት ነው።
ዳገቱ ማክሰኞን አያውቅም፤ ብቆረጥም ያው ይጠብቀኛል፤
«ከዚያም በኋላ መራመድ አይቀርም» ብላለች፤ እሱም ይሰማኛል።
ጦሳ ጉሙን አጥልቆ፣ ልኩን ማንም ሳይወስድለት፣ ቆሟል፤
በፋርማሲው ደረጃ አንድ፣ በወፍጮ ቤቱ ሁለት፤ ላቤ ዓይኔ ይገባል።

ሱቄን ስከፍት ቆጠርሁት። ስድስት።
ተሳስቼ እንዳይሆን፣ ከመናኸሪያው ጀምሬ፣ በጣቴ፣ እንደገና። ስድስት።