ከምሰሶው ላይ

ማክሰኞ ማታ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣
ታቦር ሥር ያለው ትራንስፎርመር አንዴ ጮኾ ዝም አለ፤
ከአሞራ ገደል እስከ መናኸሪያው
ሐዋሳ ባንድ ትንፋሽ ከሰለ።

እኔ ሻላሞ ነኝ፣ የመብራት ኃይል ሠራተኛ፤
ሲጨልም ፈላጊዬ ብዙ፣
ሲበራ ግን ብቸኛ።
መሰላል ደግፌ፣ ቀበቶዬን አጥብቄ ስወጣ
ከሥሬ ካለው ቆርቆሮ ቤት የጸሎት ድምፅ መጣ።
የስልክ ባትሪ ከበዋል፤ የሚመራቸው ዱካሞ ነው።
«ጨለማ!» ይላል፣ «ከዚህ ሰፈር ውጣ!
የክፉው ግዛት ነህ፣ ሌላ ጌታ የለህ!»
«አሜን» ይላሉ እናቶች፣ «አሜን» ይላል ቆርቆሮው።

አሜን ልል ነበር፣ ቃሉ ጥርሴ ላይ ቀረ፤
እጄ የሞተ ሽቦ ይዞ ነበረ።
የሞተ ሽቦ የያዘ ያውቃል፣
ዝም ያለ ሁሉ ባዶ እንዳልሆነ።

የትኛውን ጨለማ ነው የሚያባርረው?
አባቴ ሞራ ዓይኑን ከጋረደው ወዲያ
ገጹን በጣቱ እየዳበሰ በቃሉ የወጣልኝ
አንድ ብቻ አልነበረም፤ ቤተ ዘመድ ነው፣ ብዙ ነው።

በኩሩ ጥልቁን ለብሶ ተኝቶ ነበረ፤
ክፉ ነህ ያለው የለም፤
ስም ወጣለት፣ ድርሻው ተለካለት፣
ሌሊት ተብሎ አደረ።
እሱን ሳስብ ይህ ሐይቅ ይመጣብኛል፣
ቆሮሶ ልጆቿን
በአፏ ጨለማ ይዛ የምታሳድግበት።
ያ ከትእዛዝ የሸሸው ነቢይም በዓሣ ሆድ ሦስት ሌሊት ሲያድር
መቃብር መስሎት ይሆናል፣
ለካ ማኅፀን ነው የገባበት።

በግብፅ የወረደው ግን ሌላ ነው፤ እሱ በእጅ ይዳሰሳል፤
ሦስት ቀን ወንድም ወንድሙን ያጣበት።
እሱን አውቀዋለሁ። መብራት ሳይጠፋ፣ በቀትር፣
ፒያሳ ላይ አይቼዋለሁ፣
የወደቀ ሽማግሌን ሰው ሁሉ ተራምዶ ሲያልፍ።
እኔም አልፌያለሁ።

ደግሞ ያ የተራራው አለ።
ሕዝቡ ፈርቶ ርቆ ሲቆም
ሙሴ ብቻውን ገባ ወደ ድቅድቁ ደመና፤
የሚፈልገው እዚያ ውስጥ ነበረና።
ዱካሞ ያን ቀን ከተራራው ሥር ቆሞ
«ጨለማ ውጣ!» ቢል
ማንን ሊያስወጣ ኖሯል?

አንዱ በሌሊት መጣ ሊጠይቅ፣ ጥያቄውን በኩታው ሸፍኖ፤
አንዱ በሌሊት ወጣ ሊሸጥ፣ ጉርሻው ከጉሮሮው ሳይወርድ።
ሌሊቱ ለሁለቱም በር ከፈተ፤
ማን እንደሆኑ አልጠየቀም።

የዓርቡን ግን አልደፍረውም።
ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ፤
መስመሩ የት ጋ ተበጠሰ? ማን ቆረጠው?
ሃያ ዓመት የሠራሁ ባለሙያ ነኝ፣ ብልሽቱን አላገኘሁም።
አባቴ «ብልሽት አይደለም» ይል ነበር፣
«ፀሐይ ሐዘን ተቀመጠች፣
ነጠላዋን አዘቀዘቀች።»

ሬዲዮው ተንጫጫ፦ «ሻላሞ! ምን ዋጠህ?»
«ብሎን ወድቆብኝ» አልኩ። ዋሸሁ።
ብሎኑ በኪሴ ነበር።
ከሐይቁ ላይ አንዲት የዓሣ አስጋሪ ፋኖስ
ብቻዋን ትሄድ ነበር፤
ከታቦር በላይ፣ ለወትሮው እኛው የምናጠፋቸው፣
ኮከቦች ወጥተው ነበር።

ገጠምኩት። ፊውዙን ሰካሁ።
ሕፃናት ከየግቢው «ሆ!» አሉ፣
ከተማው ባንዴ ጥርሱን ገለጠ፣ ኮከቦቹ ሸሹ፤
«ተሸነፈ!» ሲሉ ሰማሁ ከሥሬ።

ስወርድ ብርሃኑ ዓይኔን ሞላው፤
የመጨረሻዋን እርከን አጣኋት፣
እግሬ በአየር ላይ ዳበሰ።
ዱካሞ ሮጦ ወጣና ቁርጭምጭሚቴን ያዘ፣
«ቀስ፣ ሻላሞ፣ ቀስ። እዚህ ጋ ናት» አለኝ፣
እግሬንም አሳረፈልኝ።